ጉበታቸው ነው ወይስ የሐሞት ቱቦው? የአንዲት እናት የምርመራ ወረቀት ሲነበብ

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ትኖራለች፤ እኔ ያለሁት ዱባይ ነው። ስኳር ስላለባት ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ ከእንብርቷ በላይና ከቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር የሚነሳ፣ ወደ ትከሻዋ የሚወጣ ከባድ ሕመም ያመላልሳታል። ጨጓራ ነው ተብላ ሁለት ወር ኦሜፕራዞል ዋጠች፤ ለውጥ የለም። በመሀል አንድ ቀን አንቀጠቀጣትና ታይፎይድ ነው ተብሎ ሴፍትሪአክሶን ተወጋች፤ ተሻላት። ሰሞኑን ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ተመረመረች። ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ 132፣ ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ 98፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ 780፣ ጠቅላላ ቢሊሩቢን 3.4፣ ዳይሬክት 2.5፣ አልቡሚን 4.1፣ ፕላትሌት 260 ሺህ። ከጉበት ቫይረስ ቢም ሲም ነፃ ናት። አልትራሳውንዱ «ሐሞት ከረጢት ውስጥ ብዙ ጠጠሮች፤ ዋናው የሐሞት ቱቦ 9 ሚሊ ሜትር፤ የታችኛው ጫፍ በአንጀት አየር ምክንያት አልታየም፤ ጉበት ደህና» ይላል። «ጉበቷ ተጎድቷል» ተባልን። ዘመዶች ደግሞ የወፍ በሽታ መድኃኒት እናምጣ ይላሉ። ምን እናድርግ?

ምላሽ፦ ከቁጥሮቹ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። እናትዎ እንደገና ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ካተኮሳቸው ወይም ካንቀጠቀጣቸው ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይወሰዱ። ሕመም፣ ትኩሳትና የዓይን ቢጫ መሆን አብረው ሲመጡ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የተዘጋ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ኢንፌክሽን እንዳለ ተቆጥሮ ነው ሕክምናው የሚጀመረው። ይህ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። በዕድሜ የገፉና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ትኩሳቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ ግራ መጋባት፣ መፍዘዝ፣ የግፊት መውረድ ወይም የሽንት መቀነስ ብቻውን ምልክት ይሆናል። ደሴ አጠገባቸው ላለው ሰው ይህን ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት።

ያ «ታይፎይድ» የተባለው ቀን እኔን የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ የዊዳል ምርመራ (ለታይፎይድ የሚታዘዘው የደም ምርመራ) ታይፎይድን ለማረጋገጥ አይበቃም፤ ታይፎይድ የሌለበት ሰው ላይም ደጋግሞ «ፖዘቲቭ» ይላል። ሴፍትሪአክሶን ደግሞ ለሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስለዚህ መርፌው ስላሻላቸው ታይፎይድ ነበር ማለት አይቻልም። ምናልባት ያን ጊዜም ጠጠር ቱቦውን ዘግቶ፣ ኢንፌክሽኑ በመርፌው በርዶ፣ ጠጠሩ ግን እዚያው ቀርቶ ይሆናል። ለሚያዩዋቸው ሐኪም ይህን ቀን ከነመድኃኒቱ ስም መናገር ግድ ነው፤ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ «እሱማ ሌላ በሽታ ነበር» ብሎ ይተወዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በላኩት ሁሉ ላይ ጉበታቸው ራሱ ዋናው በሽተኛ አይመስልም። ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት ወደ አንጀት የሚወርድበት መንገድ የተዘጋ ወይም የጠበበ ይመስላል፤ ዋናው ተጠርጣሪም ከሐሞት ከረጢት ወርዶ ቱቦው ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠር ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ላሳይዎ።

«የጉበት ምርመራ» ተብሎ በአንድ ወረቀት የሚወጣው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ (አሁን ብዙ ቦታ ኤ.ኤል.ቲ ተብሎ ይጻፋል) እና ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ (ኤ.ኤስ.ቲ) የጉበት ሕዋስ ሲቆስል ወደ ደም የሚፈስሱ ኢንዛይሞች ናቸው። አልካላይን ፎስፋቴዝና ጂ.ጂ.ቲ የሐሞት መንገድ ሲታወክ ይጨምራሉ። ጉበት ሥራውን እየሠራ ነው ወይ የሚለውን የሚመልሱት ግን አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) እና የደም መርጋት ምርመራው (ፒ.ቲ ወይም አይ.ኤን.አር) ናቸው። የእናትዎ አልቡሚን 4.1 ነው፤ ጥሩ ነው። ለዓመታት የተጎዳ ጉበት ቢሆን ኖሮ አልቡሚን መውረድ፣ ደም ለማርጋት የሚረዳው ፕላትሌትም ከ150 ሺህ በታች መሆን ይጀምር ነበር። የእሳቸው 260 ሺህ ነው። ከደሴ ዝቅ ብሎ ከሚሴ አካባቢ ቢልሃርዝያ የታወቀ ስለሆነ ይህ ቁጥር ዋጋ አለው፤ ቢልሃርዝያ ጉበት ላይ ሲከርም ኢንዛይሞቹ ደህና መስለው ጣፊያው አብጦ ፕላትሌቱ ይወርዳል። እዚህ ያ ምልክት የለም።

ኢንዛይሞቹን እርስ በርስ ለማወዳደር ቁጥሩን ብቻ ማየት ያሳስታል። 780 ከ132 እጅግ የበለጠ ይመስላል፤ ግን ለጤናማ ሰው የተቀመጠው የላይኛው ወሰናቸው የተለያየ ነው። ለአልካላይን ፎስፋቴዝ አንዱ ላቦራቶሪ ወሰኑን 120 ሲያደርግ፣ በሌላ ኬሚካል የሚሠራው 306 ይላል። የእናትዎ ወረቀት 306 ነው የሚለው። ስለዚህ እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ወሰን ያካፍሉ። ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ 132 ለወሰኑ ለ40 ሲካፈል 3.3 እጥፍ፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ 780 ለ306 ሲካፈል 2.5 እጥፍ። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉ 1.3 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከ5 ሲበልጥ ሕዋሱ የቆሰለበትን ሁኔታ፣ ለምሳሌ የቫይረስ ወይም የመድኃኒት ጉዳትን፣ ያመለክታል፤ ከ2 ሲያንስ ደግሞ የሐሞት መውረጃ መታወክን። በመሀል ያለው ድብልቅ ነው። የእናትዎ በግልጽ የሐሞት መንገድ ወገን ነው። ወረቀት ፎቶ አንሥተው ሲልኩልዎ የወሰኑ ዓምድና ቀኑ አብሮ እንዲታይ ያድርጉ፤ ውጤቱ ብቻ የተቆረጠበት ፎቶ ለማንም ሐኪም አይጠቅምም።

ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢኑም ያንኑ ይናገራል። ከ3.4ቱ 2.5ቱ ዳይሬክት ነው፤ ማለትም ሦስት አራተኛው ያህል። ጉበታቸው ቢሊሩቢኑን አዘጋጅቶታል፤ የሚወጣበትን አጥቶ ነው ወደ ደም የተመለሰው። ሽንታቸው እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ፣ ዓይነ ምድራቸው ነጥቶ፣ ሰውነታቸውን እያሳከካቸው ከሆነ ይጠይቋቸው። እናቶች ሳይጠየቁ ስለ ዓይነ ምድር አይናገሩም፤ እርስዎ ቢጠይቁ ሳይሻል አይቀርም።

አንድ ሰው ከወር በፊት የተሠራ ሌላ ወረቀት አውጥቶ «ያኔ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ 600 ነበር፤ ሄፓታይተስ ነው ብለውን ነበር» ቢልም አይገረሙ። ጠጠር ቱቦውን በድንገት ሲዘጋ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን የሕዋሱ ኢንዛይሞች ወደ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይዘልላሉ፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ ገና አልተነሣም። ጠጠሩ ካለፈ ወይም ወደ ላይ ከተንሳፈፈ በቀናት ውስጥ በፍጥነት ይወርዳሉ። የቫይረስ ሄፓታይተስ እንዲህ ባለ ፍጥነት አይወርድም። ለዚህ ነው አንድ ወረቀት ብቻውን የማይበቃውና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሚደገመው።

ወደ ሕመሙ ስንመጣ፣ የሐሞት ጠጠር ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ቅባት ያለው ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ወይም ሌሊት ይነሣል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ስድስት ሰዓት ጠንክሮ ይቆያል፤ ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ ይዞራል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይለቃል። የጨጓራ መድኃኒት አይነካውም። በፋሲካ ሰሞን መጀመሩም አያስገርምም። በጾሙ ሐሞት ከረጢቱ ብዙ ቅባት ሳያገኝ እምብዛም ሳይጨመቅ ይከርማል፤ ከዚያ ዶሮ ወጥና ቅቤ በአንድ ቀን ሲመጣበት በኃይል ይጨመቃል፤ ውስጡ ጠጠር ካለ ወደ መውጫው ይገፋል። ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ከቆየ ከረጢቱ ራሱ መቆጣቱ ይጠረጠራል። ቀበቶ እንደታሰረ ሆኖ ወደ ጀርባ ከወጣና ማስመለስ ካልተወ ደግሞ ጠጠሩ የቆሽትን መውጫ ነክቶት ይሆናል፤ ያን የሚለየው ላይፔዝ የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ ከላይኛው ወሰን ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን።

ሌላ ነገርስ ሊሆን አይችልም? ይችላል፤ ስለዚህ ነው ቀጣዩ ምርመራ የሚያስፈልገው። በዚህ ዕድሜ የቆሽት ራስ ዕጢም ቱቦውን ከታች ሊጫነው ይችላል። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይኖረው ቢጫነት ያመጣል፤ ክብደት ይቀንሳል፤ ስኳር በድንገት ይበላሻል። ልብስ ሰፍቷቸው እንደሆነ ይጠይቁ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «የካንሰር የደም ምርመራ» ተብሎ ሲ.ኤ 19-9 ቢታዘዝ ቢጫነቱ ሳይወርድ አያሠሩ። የሐሞት ቱቦ በጠጠር ብቻ ሲዘጋም ይህ ቁጥር ይወጣል፤ ቤተሰብ በከንቱ ለቅሶ ይቀመጣል። ወስፋትና በከብት የሚታወቀው የጉበት ትልም ቱቦ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ በደም ቆጠራው ላይ ኢኦሲኖፊል (ትል ሲኖር የሚበዛ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ከፍ ብሎ እንደሆነ ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰዱ እንደሆነ፣ ጫት የሚቅሙ እንደሆነ፣ በቅርቡ የባህል መድኃኒት ቀምሰው እንደሆነም ያለ ሀፍረት ይጠየቅ። እና ስኳር ያለበት የ61 ዓመት ሰው ከእንብርት በላይ ሲያመው የልብ ኢ.ሲ.ጂ ሳይነሣ አይታለፍ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጊዜውም አምስት ደቂቃ።

አልትራሳውንዱ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ሐሞት ከረጢት ውስጥ ያለን ጠጠር ለማየት ከእሱ የሚሻል ጥቂት ነው፤ ቱቦ ውስጥ የወረደውን ግን በተለይ ታችኛው ጫፍ በአየር ሲሸፈን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። «ጠጠር አልታየም» ማለት «ጠጠር የለም» ማለት አይደለም። ሐሞት ከረጢታቸው ላለ ሰው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቱቦ እንደሰፋ ይቆጠራል፤ የእናትዎ 9 ነው።

የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ጠጠሩ ቱቦው ውስጥ በምስል ከታየ፣ ወይም የቱቦ ኢንፌክሽን ካለ፣ ወይም ቢሊሩቢን ከ4 በልጦ ቱቦውም ከሰፋ በቀጥታ ወደ ኢ.አር.ሲ.ፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጠጠሩን ማውጣት) ይኬዳል። ዕድሜ ከ55 በላይ፣ የተዛባ የጉበት ምርመራና የሰፋ ቱቦ ያለው ሰው መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ኤም.አር.ሲ.ፒ (ቱቦውን የሚያሳይ ኤም.አር.አይ) ወይም በኢንዶስኮፒ የሚሠራ አልትራሳውንድ ይደረግለታል። እናትዎ ዛሬ በወረቀት መካከለኛው ላይ ናቸው፤ ያ የመንቀጥቀጥ ቀን ግን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ቢሊሩቢኑ ተደግሞ ከ4 ካለፈም እንዲሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ደሴ ላይ የሚሠራው ይህ ነው፦ የጉበት ምርመራው ከነጂ.ጂ.ቲ ይደገም፤ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ አይ.ኤን.አር፣ ላይፔዝ፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የስኳር መጠንና ኢ.ሲ.ጂ ይጨመሩ። አይ.ኤን.አሩን አይዝለሉት። ሐሞት ወደ አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ አይመጠጥም፤ ደም መርጋት ይዘገያል፤ ይህ ሳይታወቅ ቱቦ ቢከፈት ወይም ቢቀደድ ይደማል። አይ.ኤን.አር ከፍ ካለ 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጥና በማግሥቱ ይደገማል። ከተስተካከለ መነሻው የሐሞት መዘጋት ነበር ማለት ነው፤ ካልተስተካከለ ያኔ ጉበቱን ራሱን በአዲስ ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ኤም.አር.ሲ.ፒ የሐሞትንና የቆሽትን ቱቦ የሚያሳይ የኤም.አር.አይ ዓይነት ነው። ለጠጠር ፍለጋ የሚወጋ ቀለም ስለማያስፈልገው ሜትፎርሚን ችግር አይሆንም። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ምግብ ሳይበሉ ይገባሉ፤ ሰውነታቸው ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለ አስቀድሞ ይነገራል። ብዙ ሰው «ሲቲ ይሻላል» ብሎ ገንዘቡን እዚያ ያፈስሳል። ሲቲ ለዕጢና ለቆሽት ጥሩ ነው፤ ከኮሌስትሮል የተሠሩ ጠጠሮችን ግን መልካቸው ከሐሞቱ ጋር ስለሚመሳሰል ሊያልፋቸው ይችላል። ለአንዱ ብቻ አቅም ካለዎት ኤም.አር.ሲ.ፒን እመርጣለሁ።

ጠጠሩ ከታየ በኢ.አር.ሲ.ፒ ይወጣል። ካሜራ በአፍ ገብቶ ትንሹ አንጀት ድረስ ይወርዳል፤ የቱቦው አፍ በትንሹ ይቀደዳል፤ ጠጠሩ በፊኛ ወይም በሽቦ ቅርጫት ተጎትቶ አንጀት ውስጥ ይጣላል። ዋናው ጉዳቱ የቆሽት መቆጣት ነው፤ ከ100 ሰው አምስት አካባቢ ላይ ይደርሳል። ለመቀነስ 100 ሚሊ ግራም ዳይክሎፌናክ ወይም ኢንዶሜታሲን በፊንጢጣ ይሰጣል፤ ለኩላሊታቸው እንዳይከለከል ክሬቲኒኑ አስቀድሞ ይታያል። ይሰጧቸው እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። ኢ.አር.ሲ.ፒ የሚሠራባቸው ተቋማት ጥቂት ናቸው፤ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የግድ ሊሆን ይችላል። ካልተቻለ ወይም ጠጠሩ ትልቅ ከሆነ ቱቦውን በቀዶ ጥገና ከፍቶ ማውጣት የቆየና የሚሠራ መንገድ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ቲ ቲዩብ» የሚባል ቀጭን ጎማ ለሁለት ሦስት ሳምንት በሆድ በኩል ወጥቶ ይቆያል።

አንዳንዴ ጠጠሩ በአንድ ቀን ሁሉ ስለማይወጣ ቱቦው ውስጥ የፕላስቲክ ስቴንት (ሐሞቱን የሚያሳልፍ ቀጭን ቧንቧ) ይቀመጣል። የሚረሳው ነገር ይህ ነው። የፕላስቲክ ስቴንት በሦስት ወር አካባቢ መውጣት ወይም መቀየር አለበት፤ ከረሱት ይደፈንና መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ቢጫነቱ ስለጠፋ «ዳነች» ብሎ ዓመት የሚያሳልፍ ቤተሰብ ብዙ ነው። ስቴንት ከገባ ቀኑን ስልክዎ ላይ ማስታወሻ አድርገው ይያዙት።

ቱቦው ከጸዳ በኋላ ሐሞት ከረጢቱ መውጣት አለበት፤ ቢቻል እዚያው ተኝተው ሳሉ፣ ካልሆነም በሁለት ሳምንት ውስጥ። ጠጠር የሚያመርተው ከረጢት እዚያው ከቀረ ሌላ ጠጠር ይወርዳል። ያለ ሐሞት ከረጢት መኖር ይቻላል፤ ሐሞት የሚያመነጨው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅባት ሲበዛ ተቅማጥ ሊኖር ይችላል።

እስከዚያው ለሕመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ከአራት ፍሬ ሳይበልጥ፤ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብረው እንዳይወሰዱ። ዳይክሎፌናክ ለዚህ ሕመም ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱ ሳይታይ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የለበትም። ቅቤ፣ ጥብስና ዶሮ ወጥ ይቆዩ። ጾሙን ይቀጥሉ ወይ ለሚለው፣ ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ሐሞቱን ያጠራቅማልና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። የሚያስመልሳቸው፣ የማይበሉ ወይም የሚያተኩሳቸው ከሆነ ሜትፎርሚኑን ለጊዜው ማቆም እንዳለባቸው ሐኪም ይጠየቅ።

የወፍ በሽታ መድኃኒቱን ግን አልመክርም፤ ምክንያቴም ንቀት አይደለም። በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ቅጠልም ሆነ መጠኑ አይታወቅም፤ ጉበትን የሚጎዳ ካለበት ነገ ኢንዛይሙ ሲዘልል ጠጠሩ ነው መድኃኒቱ ነው መለየት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተቀረቀረ ጠጠር አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ያልፋል፤ ቢጫነቱ በዚያው ሳምንት ሲጠፋ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሄድና ከረጢቱ ከነጠጠሩ ይቀራል። በቴሌግራም የሚዞረው የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥቶ «ጠጠር የማስወጣት» ነገርም አለ። በማግሥቱ የሚወጡት አረንጓዴ እንክብሎች ዘይቱ አንጀት ውስጥ ሳሙና መሰል ነገር ሆኖ የጠነከረው ነው። ያን ያህል ዘይት ግን ሐሞት ከረጢትን በኃይል ያስጨምቃል፤ ጠጠር ላለበት ሰው የማይፈለገው ያ ነው።

ጠጠሩ ከወጣ በኋላ ቢሊሩቢኑ በቀናት ውስጥ መውረድ ይጀምራል፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ ሳምንታት ይፈጃል። ዓይናቸው ሽንታቸው ከነጣ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ትንሽ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ከአልቡሚን ጋር የተጣበቀው ቢሊሩቢን የሚወጣው አልቡሚኑ ሲያረጅ ነውና አይደንግጡ። ምርመራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም። አልካላይን ፎስፋቴዙ እንደገና መውጣት ከጀመረ የቀረ ጠጠር ወይም የጠበበ ቱቦ ይፈለጋል። ሁሉም ወርዶ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ ብቻ 50 እና 60 ላይ ከቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ጉበት ላይ ስብ መጠራቀሙ የተለመደ ነውና በስኳር ክትትላቸው ጊዜ የሚታይ ይሆናል።